ከጨው ላይ የተነሣው ሸራ

ይድረስ በአስመራ ለሚኖሩት ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ይርጋ፤

ወንድም ጋሻዬ፣ ከተለየሁዎ ወዲህ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ያ በብርድ የሚነሣብዎ ወገብዎስ እንደምን ነው? እትዬ ንግስትስ? ልጆቹስ? የጋራዡ ሲሚንቶ ላይ ተንጋለው ሲሠሩ ብርዱ አጥንትዎ እንዳይገባ ሁልጊዜ አስባለሁ። እኔ ክብር ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም ይሁንና በሥጋዬ ደህና ነኝ። እምዬም ከዓይኗ መድከም በቀር ደህና ናት። ገብሱ ተዘርቶ በቅሏል፤ ቀይዋ ላምም ወልዳለች። እምዬ ወተት በቀመሰች ቁጥር ይህን ለይርጋ ማን በሰጠልኝ ትላለች።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎ። ይህን ደብዳቤ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። ብርቄ እናንተ ቤት መጥታ ከሆነ አጥፈው ኪስዎ ይክተቱትና ካሴ ደህና ነኝ ብሏል ብለው ይለፉት። ከዚያ ሰው የሌለበት ቦታ ሄደው ይጨርሱት። ጋሼ፣ ማሩ ሞቷል። ከእርስዎ ጋር በአንድ ግቢ የኖረው፣ ከእኔ ጋር አንድ መሪ የምንቀባበለው ማሩ ሞቷል። አለሳልሼ ልጽፈው ብዬ ስንት ወረቀት አበላሸሁ፤ የሚለሳለስ ነገር አልሆነም። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አጥቼው አይደለም። ነገር ግን የምንነዳለት ኩባንያ ሰዎች ሌላ ወሬ ይዘው ሚስቱ ብርቄ ዘንድ እንዳይቀድሙኝ ፈርቼ ነው። እስካሁን የዘገየሁትም ደብረ ታቦር ታስሬ ስለነበር ነው፤ እሱንም በቦታው እነግርዎታለሁ።

ከአስመራ ስንነሣ እርስዎ ራስዎ ከመኪናዋ ሥር ገብተው ሰሚያሱን፣ ያን የኋላ ጎማ የሚያዞረውን ዘንግ፣ አይተው ነበር። “ይህ ብረት ደክሟል፤ ሳይለወጥ ዳገት እንዳትወጡበት” አሉን። መለወጫው እዚያው መጋዘን ተቀምጦ እያለ፣ መኪናዋ የጎንደር ናትና ጎንደር ካልጠየቀ አይወጣም ተባለ። ማሩም ሳቀና “እንግዲህ ብረቱም ደጅ ይጥና” አለ። እንዲያ ሲስቅ ነው የተለያያችሁት።

ጎንደር ስንደርስ ከኩባንያው ግቢ በር ላይ ብዙ ቀን ቆምን። የሾፌርን ኑሮ እርስዎ ያውቁታል። ጭነት ሲጠፋ ከመኪናው ሥር ተኝተህ ስትጠብቅ በላህ ወይ የሚልህ የለም። ጭነት ሲገኝ ደግሞ የባከነው ቀን ሁሉ ያንተ ጥፋት ይሆናል። ጎማ ቢፈነዳ አንተ፣ ድልድይ ቢሰበር አንተ፣ ነጋዴው ቢቆጣም አንተ። እንዲህ ስንጠብቅ ግንቦት አለቀና ሰኔ ገባ። በጰራቅሊጦስ ዋዜማ የስምሪቱ ሹም አቶ ገብረ ሥላሴ አስጠራንና፣ ጨው ጭናችሁ ነገ ወደ ንፋስ መውጫ ውጡ አለን።

ማሩ ባርኔጣውን አውልቆ፣ “ጌታዬ፣ ሰሚያሱ ደክሟል። ከደብረ ታቦር ወዲያ ያለው መንገድም የበጋ እንጂ የክረምት አይደለም። ወይ ብረቱ ይለወጥልን፣ ወይ ጭነቱ ይቀነስልን” አለው።

አቶ ገብረ ሥላሴ ቀናም ሳይል፣ “መካኒክ ነህ?” አለው።

“አይደለሁም።”

“እንግዲያው ንዳ።”

እኔም አልቻልኩም፤ “እኔ የጋይንት ልጅ ነኝ፤ ጉና ደመና ከለበሰ ያ ጭቃ በሬም አያሳልፍ” አልኩት። “ሰማዩንም የምታዙት እናንተ ሆናችሁ?” አለኝ። “እምቢ ያለ ቁልፉን እዚህ ያስቀምጥ። በር ላይ ሥራ ፈቶ የቆመውን ሾፌር አይታችኋል።” ደሜ ፈላና እጄን ኪሴ ከተትኩ። ማሩ በጫማው እግሬን ረገጠኝ። ስንወጣ፣ “አንተ ላጤ ነህ ካሴ፤ ቁልፍ መወርወር ይቀልሃል። እኔ የማሳድጋት ልጅ አለችኝ” አለኝ። ጭነን ወጣን። ጭነቱም አልተቀነሰ፤ እንዲያውም የአንድ ነጋዴ ዕቃ ተጨመረበት።

ደብረ ታቦርን በደህና አለፍን። ከክምር ድንጋይ ወዲህ፣ ጉና ራስጌያችን ላይ ተጎልቶ፣ አንዱን ዳገት ስናጋምስ ከኋላ እንደ ጠመንጃ ጮኸ። ሞተሩ ያጓራል፣ ጎማው አይዞርም። ማሩ ዘሎ ወርዶ ድንጋይ ባያስደግፍ ኖሮ ወደ ኋላ ተንሸራተን ገደል በገባን ነበር። ከሥር ገብቶ አየና፣ “ጋሼ ይርጋ ያሉት ሆነ” አለኝ። ዝናቡም ያኔውኑ ጀመረ። ሰኔና ሰኞ ማለት ይህ ነው።

ማሩ በእግሩ ደብረ ታቦር ተመልሶ ወደ ጎንደር ስልክ ደወለ። ይዞ የመጣው መልስ ይህ ነበር፤ ሰሚያሱ ከአስመራ ይመጣላችኋል፤ እስኪመጣ ከመኪናው ንቅንቅ እንዳትሉ፤ ጨዉ ቢጎድል በራሳችሁ ነው። ተቀመጥን። ዛሬ ነገ ስንል ቀኑ እየነጎደ ሲሄድ እኔ በተራዬ ሄጄ ደወልኩ። አቶ ገብረ ሥላሴ ድምፄን ሲሰማ ያለኝ፣ “አንተ አሁን የት ሆነህ ነው የምታናግረኝ? መኪናውን ለማን ጥለህ መጣህ?” ነው። ብረቱስ ብዬ ስጠይቀው፣ “ይመጣል ተብሏል” ብሎ ዘጋብኝ።

ጋሼ፣ አገሬ መሬት ላይ ቆሜ እንደ እስረኛ ሆንኩ። ከአርብ ገበያ፣ ከእናቴ ቤት፣ ያን ያህል ሳልርቅ ደርሼ ልያት አልቻልኩም። እሷ ግን ከገበያተኛ ሰምታ፣ ልጅሽ ጋራ ላይ ቆሟል ሲሏት፣ በዚያ ጭቃ ዘንጓን ይዛ በሶና ቆሎ ተሸክማ መጣች። እኔን ስማ ማሩንም ሳመችው። መኪናዋን ዞራ ዞራ አየችና፣ “ይህ ብረት ጌታ የለውም እንዴ? ከብት እንኳ ገደል ቢገባ ባለቤቱ ይመጣል” አለች። ማሩ ሲስቅ ሳል አቋረጠው። ሳሉን መጀመሪያ የሰማሁት ያን ለት ነው። ጭቃ ውስጥ ከመኪናው ሥር እየገባ የተሰበረውን ብረት ሲፈታና ሲያወጣ ነበር የከረመው። ብረቱ ሲመጣ ጊዜ እንዳናጠፋ ብሎ ነው።

የአጥቢያው ሰው ደግ ነው። ከዳገቱ በላይ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ የሚባሉ፣ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ ሰው አሉ። አንድ ቀን እሳቸው ቤት፣ ሌላ ቀን ጎረቤታቸው ዘንድ እያልን ተራ በተራ እየሄድን እሳት እንሞቅ ነበር። አንደኛችን መኪናው ዘንድ እንቀራለን፤ ትእዛዝ ነዋ! ጋቢናው ያፈሳል። ማሩ ከዕለታት በአንዱ እዚያ አድሮ ሲመጣ ጎኑን ይዞ ነበር። “ወጋኝ” አለ። በማግስቱ መተንፈስ አቃተው፤ ገላው እንደ ምድጃ ነደደ። መሪጌታ ቤታቸው አስተኝተው ጠበሉንም ጸሎቱንም ያደርጉለት ጀመር። ነገር ግን እሳቸውም ራሳቸው፣ “ይህ ውጋት ነው። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ካልደረሰ አልወደውም” አሉኝ።

ቃሬዛው ተሠራ። የሰኔ እርሻ ያላለቀለት ገበሬ ሁሉ በሬውን ፈትቶ መጣ። የቀረን ዝናቡ ነበር። ጋቢ ውኃ ይጠጣል። ገሳ ለቆመ እረኛ እንጂ ለተኛ ሕመምተኛ አይሆንም። ውኃ የማያሳልፍ ነገር በዚያ አገር አንድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ጨዉ ላይ ያለው የኩባንያው ሸራ ነው።

ማሩ ወዴት እንደምሄድ ገብቶት እጄን ያዘኝ። “ተው ካሴ። ጨው እኮ ነው፤ ይቀልጣል። ያስሩሃል።” 

“ማሰር ከፈለጉ ይሰሩኝ” አልኩት።

“እኔ እንደሆነ...” ብሎ ሳሉ ያዘውና ሳይጨርሰው ቀረ።

መሪጌታን አየኋቸው። ልቤ ፈርቶ ነበር ጋሼ፣ አልዋሽዎትም። እሳቸው፣ “ምን ታየኛለህ? ጨው ለሰው ተፈጠረ እንጂ ሰው ለጨው ተፈጠረ የሚል መጽሐፍ አላነበብኩም” አሉኝ። ወጣሁና ገመዱን ፈታሁ። ሸራውን ሳወርደው ዝናቡ ጆንያዎቹ ላይ ሲያርፍ ያሰማው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የንስሐ አባት መጥተው ኑዛዜውን ተቀበሉት፤ ይህን ለብርቄ አደራ ይንገሯት። ከዚያ በሸራው ሸፍነን ተነሣን።

ገበሬው እየተቀባበለ በሩጫ ነበር የተሸከመው። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ቃሬዛውን ሳያስነካ ይቀበላል። ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ግን ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ይሄዳል። በዋና የሚሞከር አልነበረም። ይጎድላል ብለን ዳር ላይ አሳረፍነው። ሸራውን በዱላ ደግፌ ከሥሩ አብሬው ተቀመጥኩ። ትኩሳቱ አእምሮውን ወስዶት ነበር፤ አንዴ ልጁን ይጠራል፣ አንዴ አቶ ገብረ ሥላሴን “ጌታዬ፣ መካኒክ አይደለሁም” ይለዋል። በኋላ ዓይኑን ገልጦ በደንብ አየኝና፣ “ሰሚያሱ መጣ?” አለኝ።

“መጣ” አልኩት። “ገጠምነው።”

“እንግዲያው ሞተሩን አሙቀው” አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ወንዙ ሳይጎድል አረፈ።

ያን መንገድ ይዘነው ተመለስን። በሄድንበት ፍጥነት አይደለም፤ የሚያስቸኩል ነገር አልነበረምና። የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት ዕለት ከመሪጌታ ደብር ተቀበረ። ፍትሐቱ አልጎደለበትም፤ ቀሳውስቱ እንግዳ ነው ብለው አላሳጠሩበትም። እስቴ ላሉት ዘመዶቹ መልእክተኛ ተላከና ታላቅ ወንድሙ ሰዎች አስከትሎ ደረሰ። ለቀስተኛው በዝቶ ዝናቡ አላስቀምጥ ሲል ሸራውን በአጠና ወጥረን ዳስ አደረግነው። ማሩን ያለበስነው ሸራ ነው፤ ደግሞ አልቃሾቹን ሸፈነ።

ጨዉ በዚህ መሐል አለቀ። መኪናዋ ላይ ስደርስ ጆንያዎቹ እንደ ተራበ ሆድ ተጣብቀው አገኘኋቸው። ውኃው ከዳገቱ ወርዷል። የአገሩ ከብት ሁሉ ተሰብስቦ መንገዱን ይልሳል። እረኞቹ ቢመቱት ቢመቱት አልሄድ ይላል። ሴቶች ደግሞ አፈሩን በእንስራ ውኃ እያጠለሉ ይወስዳሉ። አልከለከልኩም። ለማን ብዬ?

ለቀስተኛው ገና ሳይበተን አቶ ገብረ ሥላሴ፣ ጭነቱ ያለ ሸራ መቆሙን ከመንገደኛ ሰምቶ፣ በበቅሎ መጣ። መንገዱ መኪና እንደማያሳልፍ ያኔ ገባው መሰለኝ። ብረት አልያዘም፤ ፖሊስ ነው ይዞ የመጣው። መጀመሪያ ጭነቱ ላይ ወጣ። ሲወርድ ፊቱ አመድ ሆኗል። ወደ ዳሱ መጣና ከሩቅ፣ “ሸራው የኔ ነው!” ብሎ ጮኸ። ተነሥቼ ሄድኩና፣ “አቶ ገብረ ሥላሴ፣ ማሩ ሞቷል” አልኩት።

“ነፍስ ይማር” አለ። “ጨዉስ?”

የማሩ ወንድም በትሩን ይዞ ሲነሣ መሪጌታ ደረታቸውን ሰጥተው ገቱት። “የሟች ነፍስ አለች፤ ቁጣህን ከበትርህ ጋር አስቀምጠው” አሉት። አቶ ገብረ ሥላሴም እኔን ጎትቶ ወደ ዳር አወጣኝና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “አንተ የማሩን ትለኛለህ፤ እኔንስ ማን ይምረኛል? ከበላዬ ያለው አለቃ፣ ሰው ሞተ ብለው የሚሰማኝ ይመስልሃል?” አለኝ። ሊያሳዝነኝ ምንም አልቀረው። ወዲያው ግን ዞረና ፖሊሱን ሸራውን አውርድ አለው። ሴቶቹ ከሥሩ እንደ ተቀመጡ ገመዱ ተፈታ። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ዝናብ እየወረደባቸው እዚያው ተቀምጠው ለቅሷቸውን ቀጠሉ።

እኔን የኩባንያ ንብረት አጥፍቷል ብሎ ደብረ ታቦር አሳሰረኝ። መንጃ ፈቃዴን ወሰደ። መሪጌታ ቀለመ ወርቅና ቃሬዛውን ከተሸከሙት ሁለት ገበሬዎች በዚያ ዝናብ ወርደው ዋስ ሆነው አስፈቱኝ። ነገሩ ክረምቱ ሲወጣ ይታያል ተብሏል። መኪናዋ እስካሁን ዳገቱ ላይ ቆማለች፤ ሰሚያስም አልመጣላትም። እኔ አሁን እምዬ ቤት ሆኜ አረም እነቅላለሁ። እጄ መሪ ለምዶ ማረሚያውን አላውቅበትም፤ ጎረቤት ይስቅብኛል።

ደብረ ታቦር ሳለሁ አንድ የጎንደር ሾፌር መጥቶ ጠይቆኝ ነበር። በኩባንያው ግቢ የሚወራውን ነገረኝ፤ ካሴና ማሩ ጨዉን ሸጠው ጠጡበት፣ ማሩም ሰክሮ ገደል ገባ ይላሉ አለኝ። እንግዲህ የቸኮልኩት ለዚህ ነው። ብርቄ ይህን ከበር ላይ ከሰው አፍ እንዳትሰማው። እትዬ ንግስትን፣ የደብሩን ቄስና የእስቴ አገር ሽማግሌዎች እዚያ ካሉ እነሱን ይዘው፣ ገና ሰው ሳይንቀሳቀስ ማልደው ሄደው ያርዷት። ልጅቱን ውባለምን ቀድመው ከቤት ያውጧት። ባልሽ ሜዳ ላይ ወድቆ አልቀረም፣ የማያውቁት ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመውታል፣ ጎኑ ሰው ነበረው፣ ቤተ ክርስቲያን አፈር ነው የለበሰው ይበሏት። ጠጣ ያለ ካለ ሐሰት ነው፤ ውኃ እንኳ መዋጥ አልቻለም ነበር። አርባውን እዚህ ወንድሙና እኔ እናወጣለን። በእንተ ስሟ ብለን ለምነንም ቢሆን እናወጣለን።

አሁን የሚከብደኝን ልጠይቅዎ። እኛ እዚያ ጋራ ላይ ተቀምጠን ከአስመራ ይመጣል ሲሉን እርስዎ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ነበሩ። ከጎንደር ያን ሰሚያስ የጠየቀ ሰው ነበር ወይ? ተጠይቆ መንገድ ላይ ዘገየ? ወይስ ከነጭራሹ ማንም አልጠየቀም? ማሩ እስኪሞት የጠበቀው ነገር መንገድ ላይ የነበረ ይሁን ያልነበረ ማወቅ አለብኝ። ችሎት ቀርበው ይመስክሩልኝ አልልም። ልጆች አሉዎት፤ እነዚህ ሰዎች አንድ ቃል ቢሰሙ ከጋራዡ እንደሚያስወጡዎ አውቃለሁ፤ እኔ ከወደቅኩ በቂ ነው። ያስቀጠርኳቸው እኔ ነኝ ብለውም ራስዎን እንዳይወቅሱ። እርስዎ እንጀራ አሳዩን እንጂ ዳገቱን አላዘዙብንም። ግን ለእኔ ብቻ፣ እንደ ወንድም፣ እውነቱን ይጻፉልኝ። መልሱ የማልወደው ቢሆንም ይጻፉልኝ።

እምዬ ሐረገ ወይን ሁለት ጉንጩን ስሜዋለሁ ትላለች፤ ያ ብረት የሚበላው ሰው ስለበዛ የኔ ይርጋ ይጠንቀቅ ብላለች። ለእትዬ ንግስት ከእግሯ ሥር ሆኜ ሰላም እላለሁ፤ ያሰረችልኝን ስንቅ ማሩ አመስግኖ ነበር የበላው። ለትልቁ ልጅዎ ትምህርቱን እንዲገፋ፣ ለትንሿም እንድታድግ ሰላም ይበሉልኝ። ለጋራዡ ባልደረቦችዎ፣ ለግቢው ሰዎች በያሉበት፣ በር ላይ ቆመው ጭነት ለሚጠብቁት ሾፌሮች ሁሉ እግዜር ይርዳችሁ ይበሉልኝ። መሪጌታ ቀለመ ወርቅም ሳያውቁዎ ሰላም ብለዋል።

ለብርቄም ሰላምታ ልጽፍ ብዬ ብዕሩን አነሣሁ። ስሟን ጻፍኩና ከስሟ ቀጥሎ እንደምን አለሽ ማለት አቃተኝ። እርስዎ ይህን በሚያነቡበት ሰዓት እሷ ገና ባሏን የምትጠብቅ ሴት ናት። እርስዎ ደርሰው እስኪነግሯት ድረስ እንደዚያው ትቆይ።

ታናሽ ወንድምዎ
ካሴ

አርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት
ነሐሴ ፮ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.